ሐር ፍለጋ ከአክሱም እስከ እንዝርት

የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ531 አካባቢ ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ወደ አክሱም ላከ። ጉዳዩ ሐር ነበር፦ ከሕንዶች ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን፣ ገንዘቡ ለጠላቶቻችን ለፋርሶች ከሚገባ እናንተ ተጠቀሙበት። አፄ ካሌብም እሺ አሉ። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ እንደሚነግረን ግን ነገሩ አልሆነም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች ቀድመው በሚያርፉባቸው ወደቦች ተቀምጠው ጭነቱን እንዳለ ይገዙት ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ መነኮሳት የሐር ትል እንቁላል ለዩስጢንያኖስ አመጡለት፤ ከዚያ ወዲያ አክሱምን ማን ይለምናል?

የሚገርመው፣ ሐር የሚሠራ ትል በአፍሪካም ጫካ አለ እኮ። አናፌ የሚባሉት የእሳት እራቶች ናቸው፤ አናፌ ፓንዳ የተባለችው ለምሳሌ በኬንያው ካካሜጋ ደን ትኖራለች። የቻይናው ትል ብቻውን አንድ ጎጆ ይሠራል። የአናፌ ትሎች ግን አብረው ይበላሉ፣ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም ተባብረው አንድ ትልቅ ቡናማ ጎጆ ይፈትላሉ፤ እያንዳንዱ ትል የራሱን ክፍል የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። በእጃችሁ እንዳትነኩት! የትሉ ፀጉር ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል።

እኔን እንደ መሐንዲስ የሚስበኝ ክሩ ነው። የቻይናው ጎጆ በሙቅ ውሃ ሲላላ መቶዎች ሜትር የሚረዝም አንድ ክር ሆኖ ይተረተራል። የአናፌው አይተረተርም። በአመድ ውሃ ተቀቅሎ ሙጫው ይለቅና እንደ ጥጥ ይፈተላል። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ሳንያን የሚሉትን የክብር ልብስ የሠሩት እንዲህ ነው።

እኛ ዘንድ ሐር የባሕር ማዶ ዕቃ ሆኖ ቆየ። የጎንደር ዘመን ሸማኔዎች ከውጭ በመጣ ሐር ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሠርተዋል፤ ዛሬ ያለው ቶሮንቶ፣ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ነው። ክር ሲጠፋ ሙያው አልጠፋም ማለት ነው።

ለዚህ ነው መርጡለ ማርያም አካባቢ ጥጥ የምትፈትል እናት ሳይ ኤሪ የሚባለው የሐር ትል ትዝ የሚለኝ። ኤሪ የጉሎ ቅጠል ይበላል፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሠርቶበታል። ጎጆው አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ እሱም እንደ አናፌ በእንዝርት ነው የሚፈተለው። ከባዱ ነገር ቅጠሉ ነው፦ ትሉ ሆዳም ነው፣ ጉሎውም ቅጠሉ ከልክ በላይ ከተለቀመ ፍሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ከትሉ በፊት መተከል ያለበት ጉሎ ነው።