«አስታማሚ ንባብ»፦ ለቢብሊዮቴራፒ የቀረበ የአማርኛ አቻ

ቢብሊዮቴራፒ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ የሙያ ቃል ነው። «ቢብሊዮን» መጽሐፍ ነው። «ቴራፔያ» ደግሞ ዛሬ በየክሊኒኩ በር ላይ የምናነበው «ቴራፒ» ከመሆኑ በፊት ማገልገልን፣ ከሰው አጠገብ ሳይለዩ መርዳትን የሚናገር ቃል ነበር። በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ፓትሮክሎስ የአኪሌስ «ቴራፖን» ተብሏል፤ ሐኪሙ ስለነበረ ሳይሆን በጦር ሜዳም በድንኳንም ከጎኑ የማይጠፋ ባልንጀራው ስለነበረ ነው። የዛሬ ባለሙያዎች በቃሉ የሚሰይሙት፣ ለታወቀ ችግር ታስቦ የተመረጠ መጽሐፍን በሥርዓት እያነበቡ የአእምሮን ጭንቀት ማቅለልን ነው። መጽሐፉ ድብርትን ወይም ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ ለመቋቋም የሚያለማምድ መመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ልብ ወለድ ወይም ግጥምም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቃል የማቀርበው የአማርኛ አቻ «አስታማሚ ንባብ» የሚል ነው። ቀድመው አፍ ላይ የሚመጡት ሌሎች ቃላት ለምን እንደማይበቁ ግን አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ።

እነዚያ ቃላት «የንባብ ፈውስ» እና «የመጽሐፍ ሕክምና» ናቸው። መጽሐፍና ፈውስ በአገራችን ከጥንት የተዋወቁ ናቸው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ትውውቅ ነው። መጽሐፈ መድኃኒት ሲባል የሚታወቀን ደብተራው ሥሩንና ቅጠሉን፣ አቀማመሙንና መጠኑን የመዘገበበት ጥራዝ ነው። ክታብ የተባለው ጠባብና ረጅም ብራና የባለቤቱን የክርስትና ስም ይዞ፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል። በታማሚ ራስጌ ድርሳነ ሚካኤል ይነበባል፣ ዳዊት ይደገማል። በእነዚህ ሁሉ ኃይሉ የሚጠበቀው ከቃሉ ቅድስና ነው። ታማሚው ግእዝ ባይሰማም፣ ክታቡን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ባያየውም፣ ከበረከቱ ይጎድልበታል ብሎ የሚያምን የለም። ቢብሊዮቴራፒ የሚሠራው ግን በሌላ መንገድ ነው። አንባቢው ያልገባው ገጽ ምንም አያደርግለትም፤ የገባውንም ቢሆን በራሱ ኑሮ ላይ ካልሞከረው ብዙ አይጠቅመውም። «ፈውስ» ካልን አንባቢው ጠበልና ተአምርን ያስባል፤ ቃሉ ለእነርሱ የተገባ ነው፣ ለዚህ ግን ከልኩ በላይ ይሰፋበታል። «ሕክምና» ደግሞ ሐኪም፣ ምርመራና መዳን አለ ብሎ ቃል ይገባል። መጽሐፍ አይመረምርም። አንባቢው ባሰበት ወይስ ተሻለው ብሎ ማየትም አይችልም።

አስታማሚ ማን እንደሆነ አማርኛ ለሚናገር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ግን ይጠቅማል። ሆስፒታል በተኛ ሰው አልጋ ሥር ጋቢውን አንጥፎ የሚያድረው እርሱ ነው። ጠዋት አጥሚቱን ከፔርሙስ ቀድቶ፣ ለብ እስኪል ጠብቆ፣ በማንኪያ ያጠጣል። ጎኑ እንዳይቆስል ያገላብጠዋል። የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርሷን ይጠራል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ያጫውታል፣ አለዚያም ዝም ብሎ አብሮ ይነቃል። በሽታውን አይለይም፣ መድኃኒት አያዝም፤ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ማንን መጥራት እንዳለበት ግን ያውቃል። ያለ እርሱ ደግሞ ሐኪሙ ካዘዘው ብዙው ሳይፈጸም ይቀራል። የተመረጠ መጽሐፍ ለተጨነቀ ሰው ሊሆንለት የሚችለው ይኸው ነው፤ ከዚህ ያነሰ አይደለም፣ ከዚህም አይበልጥም። ግሪኩ «ቴራፖን» ያለውን ሰው እኛ በየቀኑ በስሙ እየጠራነው ስለኖርን፣ አቻውን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም።

የሙያው ታሪክም ወደዚሁ ያመለክታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉን በ1916 በአትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ላይ ያስተዋወቁት ሳሙኤል ማኮርድ ክሮዘርስ የተባሉ አሜሪካዊ ቄስና ደራሲ ሲሆኑ፣ የጻፉትም ከቁም ነገር ይልቅ ወደ ጨዋታ ባደላ ድርሰት ነበር። ቃሉን ሥራ ያደረጉት ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሴዲ ፒተርሰን ዲሌኒ በኒውዮርክ ሃርለም በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ከቆዩ በኋላ፣ በ1924 አላባማ ውስጥ በተስኪጊ ለጥቁር የጦር ጉዳተኞች ወደተከፈተው ሆስፒታል ሄዱ። ሲጀምሩ በእጃቸው የነበሩት መጻሕፍት 200 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሐኪሞቹ ጋር እየተነጋገሩ፣ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሁኔታና ዝንባሌ እያጠኑ፣ የሚስማማውን መጽሐፍ ይመርጡ ነበር። ከአልጋው መውረድ ለማይችለው መጽሐፉ ወደ አልጋው ይሄድለት ነበር። ብሬል ያውቁ ስለነበር ዓይናቸውን ያጡትን ወታደሮች ማንበብ አስተማሩ። በዚያው ሥራ ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1958፣ ቆይተዋል። አልጋ ለአልጋ የሄዱት መጽሐፍን ከሰው ጋር አብረው ለማድረስ ነው፤ አስታማሚ ንባብን በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት ካስፈለገ ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር የለኝም።

መልካም ልብ ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ ወደ ሙከራዎቹም መሄድ ይገባል። በ1980 ዴቪድ በርንስ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም «ፊሊንግ ጉድ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ አንባቢውን ወረቀት ያስይዘዋል። በአንድ ዓምድ ድንገት የመጣበትን ሐሳብ ይጽፋል፤ «እኔ ለምንም የማልረባ ነኝ» እንደሚለው ያለ። ቀጥሎ በሐሳቡ ውስጥ ያለውን ስሕተት በስሙ ይጠራል፤ አንድን ውድቀት የዕድሜ ልክ ፍርድ ማድረግ አንዱ ስሕተት ነው። በሦስተኛው ዓምድ እውነቱን ይመልሳል። ፎረስት ስኮጊን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን መጽሐፍ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ቀለል ወይም መካከለኛ ድብርት ለነበረባቸው ሰዎች ሰጡ፤ መጽሐፉን ያነበቡት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ይልቅ ተሻላቸው። በ1987 በወጣው ጥናታቸው ለማነጻጸሪያ የመረጡት መጽሐፍ በተለይ ያስደንቃል፤ ቪክቶር ፍራንክል ከናዚ ማጎሪያ የተረፉበትን ተሞክሮ የጻፉበት ዝነኛ መጽሐፍ ነበር። ያ ታላቅ መጽሐፍ በርንስ ያዘጋጁትን የልምምድ መጽሐፍ ያህል ድብርቱን አላቀለለም። ስለዚህ የመጽሐፉ ታላቅነት ብቻውን አይበቃም፤ ለችግሩ መዘጋጀቱም ያስፈልጋል። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፦ ተመራማሪዎቹ በየሳምንቱ በአጭሩ እየደወሉ ንባቡ የት እንደደረሰ ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘኑ ባለሙያዎችም የደረሱበት ይህንኑ ይመስላል። ራስን በራስ የመርጃ መጽሐፍ አልፎ አልፎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር፣ ብቻውን ከሚነበበው የበለጠ ይረዳል። በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ በ2003 ኒል ፍሩድ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ የጀመሩት አሠራርም መጽሐፉን ከሐኪም ጋር ያገናኘ ነበር፤ ሐኪሙ የመጽሐፉን ስም በማዘዣ ወረቀት ይጽፍ ነበር፣ ሰውየውም መጽሐፉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይዋስ ነበር። ይህ አሠራር በ2013 እንግሊዝ አገርም ገብቷል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚታመመው አንባቢ ነው፤ «አስታማሚ ንባብ» ግን አስታማሚው ራሱ የሚያነበውንም ያቅፋል፤ ይህ ለቃሉ ትርፍ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ሰውን መርዳት ከመጽሐፍ ይማሩታል ወይ ለሚለው ጥሩ መልስ ያለው በካርል ሮጀርስ የ1942 መጽሐፍ ነው። ሮጀርስ ኸርበርት ብራያን የሚል ስም ከተሰጠው ሰው ጋር የተደረጉትን ስምንት ውይይቶች በሸክላ አስቀርጸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል አተሙ። አንባቢው በዝግ በር ውስጥ የሚባለውን እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ይሰማል። የሚገርመው የአማካሪው ዝምታና አጭርነት ነው። «እንዲህ አድርግ» አይልም፤ ሰውየው የተናገረውን ስሜት አንስቶ መልሶ ያሳየዋል። የአማካሪውን መልስ በወረቀት ሸፍኖ፣ መጀመሪያ የራስን መልስ ጽፎ፣ ከዚያ ገልጦ ማስተያየት አንድ ጀማሪ ሊያደርገው የሚችል ጠቃሚ ልምምድ ነው። እዚህ ላይ ቃል ሥራን እንዴት እንደሚመራ እናያለን። ለዚህ ሙያ የሰጠነው ስም «የምክር አገልግሎት» የሚል ነው፤ ምክር ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚያውቀው ለማያውቀው የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ያዘነ ሰው ፊታችን ሲቀመጥ ጆሯችን ሳይከፈት አፋችን ይቀድማል፦ «አይዞህ፣ ጠንከር በል፣ ከአንተ የባሰ አለ»። ያልተመጠነ ስያሜ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል። ረዳቱ ሊማርበት ወደሚችለው ንባብ ስንመለስ፣ በ2003 የወጣው የቪክራም ፓቴል «የአእምሮ ሐኪም በሌለበት» የተሰኘ መመሪያ ደግሞ ለጠቅላላ ጤና ሠራተኞች በቀላል ቋንቋ ተጽፎ፣ ምን መጠየቅና ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ መቼም ወደ ሌላ እንደሚልኩ ያሳያል።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች የሚከብደኝ፣ «አስታማሚ» ካልን አንባቢውን «ታማሚ» ማለታችን አይደለም ወይ የሚለው ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም ስም ብዙ ሰው ከሐኪም እንዲሸሽ አድርጓል። ነገር ግን አማርኛ «ማስታመም»ን በአልጋ ላይ ብቻ አላስቀረውም። ሰው ኀዘኑን ያስታምማል። ያረጀ መኪና እያስታመሙ ይነዱታል። ያኮረፈ ጎረቤትን፣ የከረረ ጠብንም አስታመው ይይዛሉ። ቃሉ በርጋታ፣ ሳያስቸኩሉ፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ መያዝን ይነግረናል። ሌላው ተቃውሞ አደጋን የሚመለከት ነው፦ ሁለት መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ራሱን መርማሪ ያደርጋል፣ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ የነበረበት ሰው ቤቱ በንባብ ይቆያል። ይህ በእውነት ይደርሳል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም እህልና እንቅልፍ የተወ ሰው መጽሐፍ ሳይሆን ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልገዋል። ስሙን «ሕክምና» ብንለው ይህን አደጋ እናባብሰዋለን፤ «አስታማሚ» ስንል ግን ከበላዩ ሐኪም እንዳለ ስሙ ራሱ ይናገራል። ልብ ወለድ ማንበብ የሰውን ስሜት መረዳትን ያሳድጋል የሚለውንም በልኩ መያዝ ይገባል። በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለጥቂት ደቂቃ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ወዲያው ለውጥ ያመጣል ብሎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲደግሙት ግን ያንኑ ውጤት ማግኘት አልቻሉም። ልብ ወለድ ዕድሜ ልክ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ እንደ እንክብል ተውጦ ይሠራል የሚለውን ግን አልቀበልም።

ማንበብ የማይችለውስ? ለዚህ የሚሆን መልስ ከሌላ አህጉር ሳይሆን ከዚሁ ከአፍሪካ መጥቷል። በሰሜን ኡጋንዳ ራይኖ በተባለው የስደተኞች ሰፈር 694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2020 በታተመ ሙከራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ትምህርት በአምስት ሳምንት በቡድን ተሰጠ። ትምህርቱ በቋንቋቸው ተቀድቶ በድምፅ ተሰማ፤ መጽሐፉም በአብዛኛው በሥዕል የተሠራ ነበር፤ መድረኩን የመሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ የትምህርቱ ተካፋዮች ጭንቀት ካልተካፈሉት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። እኛም ብንሆን ንባብን በጆሮ መቀበል አዲሳችን አይደለም፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶ አልቅሷል። ንባብ በዓይን ብቻ የሚፈጸም ነገር ስላልሆነ፣ በቃሉ ውስጥ «መጽሐፍ»ን ትቼ «ንባብ»ን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ቢብሊዮቴራፒን እንደ ፊዚዮቴራፒ ሳይተረጎም ብንተወው ምን ይጎዳል የሚሉም ይኖራሉ። ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገር አይጎዳም። በወረዳ ቤተ መጻሕፍት ለሚሠራ፣ በትምህርት ቤት ለሚያማክር፣ በዕድር ለቀስተኛን ለሚያጽናና ሰው ግን የባዕዱ ቃል ሥራውን አይነግረውም፤ «አስታማሚ ንባብ» ይነግረዋል። የሥነ ልቦና መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የምትመልሱ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንባቢው መቼ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበት በግልጽ ጻፉለት። ለተጨነቀ ወዳጃችሁ መጽሐፍ የምትሰጡም፣ በሳምንቱ ደውላችሁ የት ገጽ እንደደረሰ ጠይቁት።