ቤት ሲወድቅ ማን ይመዘግባል?

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መስቀልን ቡታጅራ አክብሬ ወደማስተምርበት ወደ ወልቂጤ ገና ሳልመለስ፣ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም በመሠራት ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች መሞታቸውን ሰማሁ። በዚያው ሰሞን ቡታጅራ ላይ ፎቅ የሚያሠራው ታናሽ ወንድሜ፣ የምሰሶውን ብረት ቢቀንስ ምን ጉዳት እንዳለው ጠየቀኝ። የታሪክ መምህር እንጂ መሐንዲስ አይደለሁምና መልሱን ከታሪክ ፈለግሁ።

ቡታጅራ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. ከዚያ ብዙም በማይርቀው የላንጋኖ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መጠኑ ከ6.5 በላይ እንደነበረ ይገመታል፤ የአዲስ አበባን ሕዝብ ሳይቀር አሸብሯል። የዚያ ዘመን የጉራጌ ቤት ግን መሐሉን በምሰሶ የተደገፈ፣ ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ነበር። እንጨት ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ባንዴ አይናድም። ዛሬ ከራሳችን በላይ የምንሰቅለው ኮንክሪት ነው።

በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ፈጽሞ አፈረሳት፤ በካራቆሬም ከመቶ 45 ያህሉ ቤቶች ወደቁ። ይህንን ዛሬ የምናውቀው መዝጋቢ ስለነበረ ነው። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን፣ የመሣሪያውን ንባብ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ጽሑፍ ጋር እያመሳከሩ የአገሪቱን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ያለ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ግንበኛ የሚመራበት የአደጋ ካርታ አይሳልም። መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የመጀመሪያው የግንባታ ደንብ የወጣው ግን ከካራቆሬ 17 ዓመት በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ታወጀ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ በአረርቲ ምድር አልተናወጠችም። የወደቀው የሰው እጅ ያቆመው ነው።

እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን። ድንኳኑ ሲነሣ ግን ምን እንደወደቀ፣ ማን እንደነደፈው፣ ማን እንደፈቀደውና ስለምን እንደወደቀ ተጽፎ ለሚቀጥለው ግንበኛ ካልደረሰ፣ ሐዘናችን ማንንም አያድንም። ስለዚህ የወልቂጤና የቡታጅራ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ማንኛውም ዜጋ ገልጦ የሚያነበው የተደረመሱ ግንባታዎች መዝገብ ቢከፍቱ እላለሁ። ጥፋትን መሰወር ለባለሥልጣኑ ክብር ቢመስለውም፣ ዋጋው የሚከፈለው በቀን ሠራተኛው ነፍስ ነው።

ወንድሜ ብረቱን አልቀነሰም። በወጪው ምክንያት ቤቱ ለመጪው መስቀል አይደርስለትምና በእኔ ቅር ብሎታል። ቅሬታውን እችለዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።