ብሥራተ ወንጌል በዲማ

አያቴ ስለ ሬዲዮ ስታወራ የምትጀምረው ከባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እንዳያልቅ ሬዲዮው ተመርጦ ይከፈት፣ ሲደክም ደግሞ ድንጋዩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ከሚመረጡት አንዱ ብሥራተ ወንጌል ነበር።

ጣቢያውን ያቋቋመው የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር፤ አንዱ አማርኛ ነው። ለአዲስ አበባ በመካከለኛ ሞገድ (ዛሬ ኤኤም የምንለው)፣ ለሩቁ በአጭር ሞገድ። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም፤ ዓባይን ተሻግሮ እኛ ዘንድ የደረሰው በዚህ ነው።

መዝሙሩ ግን ለዲማ ጆሮ እንግዳ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ የተማሩበት ደብር ነው፤ እዚህ ሰው የሚያውቀው የያሬድን ዜማ፣ ከበሮና ጸናጽል ነው። በኦርጋን የታጀበውን የመዘምራን ድምፅ አያቴ «የፈረንጅ ዜማ በአማርኛ» ትለዋለች። ሆኖም አትዘጋውም ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ሕፃናት ጤና ይነገራላ!

የጣቢያው መመሪያ ከአየር ሰዓቱ 30 በመቶውን ለስብከት፣ 70 በመቶውን ለዜናና ለትምህርት መመደብ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በስሙ ወንጌል ነው፤ መዝገቡ ሲታይ ግን ትልቁ ወጪ እውቀት ላይ ነው።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። የ14 ዓመት የለጋሾች ገንዘብ፣ ሕንፃውም ማሰራጫውም፣ በአንድ ቀን ባለቤቱ ተቀየረ። ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። በየስብሰባው «ይህ ንብረት በማን ስም ነው የተመዘገበው?» እያልኩ የማደክማችሁ፣ እህቶቼ፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ ስለማውቅ ነው። ማሰራጫው አልተሰበረም፤ መሥራቱን ቀጠለ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይዞ።

አያቴ ጥቂት ቀን ቁልፉን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ፈለገችው። የጤናዋን ሴትዮ ድምፅ ስታጣ ድንጋዮቹን አወጣችና የእጅ ባትሪዋ ውስጥ ከተተቻቸው።