ማኅተሙ የተሰረቀበት ዋስ

በኦገስት 2011 መጨረሻ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው) አንድ ኢራናዊ ጂሜይሉን ሊከፍት ሲል ክሮም ብራውዘሩ አሻፈረኝ አለው። የገጹ ሰርተፍኬት አይታመንም የሚል ማስጠንቀቂያ ደቀነበት። እኛ ብንሆን፣ እውነቱን እንናገርና፣ «ኔትወርኩ ነው» ብለን «ቀጥል» የምትለዋን እንፈልግ ነበር። እሱ ግን ያየውን ለጎግል ሰዎች አሳወቀ። አንድ ወር ሳይሞላ ዲጂኖታር የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ከሰረ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። መልእክትን በሚስጥር ቋንቋ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌባው ጋር በሚስጥር ቢያወሩ ምን ይረባል? ማዶ ያለው በእርግጥ ጂሜይል መሆኑን የሚመሰክር ያስፈልጋል። ሎረን ኮንፌልደር የተባለ የኤም አይ ቲ ተማሪ በ1978 በመመረቂያ ጽሑፉ መላ አመጣ፦ የታመነ ሦስተኛ ወገን «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» ብሎ ይፈርምበት። ሰርተፍኬት ማለት ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ ሐሳቡን ወደ ድረ ገጽ አመጣው። ብራውዘር የዋሶች ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ከነሱ አንዱ የፈረመለትን ድረ ገጽ ያምናል። ዋሶቹን የመረጠልን ብራውዘር ሠሪው ነው፣ እኛን የጠየቀን የለም።

ጉዱ ደግሞ ይኼ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዋስ ለማንኛውም ድረ ገጽ መፈረም ይችላል። ባለቤቱ ሳያውቅ! ማኅተም የያዘ ሁሉ የናንተን ቤት ካርታ በሌላ ሰው ስም ሊያወጣ ይችላል እንደማለት ነው።

ዲጂኖታር ከነዚህ ዋሶች አንዱ ነበር። በ1998 ሲቋቋም የአገሩ ኖታሪዎች እጅ ነበረበት። ኖታሪ ማለት እኛ ዘንድ ውልና ማስረጃ የምንሄድበትን ጉዳይ የሚፈጽም ባለሙያ ነውና፣ ከዚህ የበለጠ የተከበረ ዋስ ከየት ይመጣል? የሆላንድ መንግሥት ሳይቀር ለድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት ከሱ ይወስድ ነበር።

በጁን 2011 ሰርጎ ገቦች ገቡበት። በጁላይ 10 ለጎግል ድረ ገጾች ሁሉ የሚሠራ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ፈረሙ። ኋላ ሲቆጠር ሐሰተኞቹ ከ500 በላይ ሆኑ፤ ስካይፕ አለበት፣ ሲ አይ ኤ አለበት፣ ሞሳድ እንኳ አለበት። ኩባንያው በጁላይ 19 ነቃ። ያገኛቸውን ሰረዘና ዝም አለ። የጎግሉ ከእጁ አምልጦ ነበር።

ሰብሮ መግባትማ በማንም ላይ ይደርሳል። እኛን የሚያንገበግበን ዝምታው ነው። ያ ሰርተፍኬት ኦገስትን ሙሉ ሲሠራበት ከረመ። ፎክስ አይቲ የተባለው መርማሪ ድርጅት እንደቆጠረው፣ ወደ 300 ሺህ ከሚሆኑ የኢንተርኔት አድራሻዎች የተነሡ ሰዎች ጎግል የገቡ መስሏቸው በመሐል በተቀመጠ አድማጭ በኩል አልፈዋል። ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት ኢራን ውስጥ ነበሩ። ከ2009ኙ ምርጫ ተቃውሞና እስር ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚያ አገር የተነበበ ኢሜይል ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጎግል በሴፕቴምበር የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ አላቸው። የተነበበው ግን ተነቧል።

ክሮም እንዴት ነቃ? ጎግል በዚያው ዓመት «ለእኔ መፈረም የሚችሉት እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚል የራሱን ዝርዝር ክሮም ውስጥ ስለከተተ ነው። ሌሎቹ ብራውዘሮች ሐሰተኛውን ሰርተፍኬት አሜን ብለው ተቀብለውታል። መርማሪዎቹ ዲጂኖታር ቤት ሲገቡ ያገኙት ደግሞ ያሳፍራል፤ በመረመሯቸው ሰርቨሮች ላይ አንቲቫይረስ የለም፣ የይለፍ ቃሉ ደካማ፣ በአንድ የይለፍ ቃል ደግሞ ሰርተፍኬት የሚፈርሙት ሰርቨሮች ሁሉ ጋ ይገባል። በሴፕቴምበር 3፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የሆላንድ ሚኒስትር ፒት ሄይን ዶነር ጋዜጠኞችን ሰብስበው መንግሥት በዲጂኖታር ላይ ያለው እምነት ማብቃቱን ተናገሩ። በሴፕቴምበር 20 መክሰሩ ታወጀ።

ከዚያ በኋላ የጎግል መሐንዲሶች አንድ ብልሃት አመጡ፤ ዝርዝሩ በ2013 ወጣ። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት ማንም ሊያየው በሚችል፣ ማንም ሊፍቀው ግን በማይችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ይስፈር ነው ነገሩ። ክሮም ከኤፕሪል 2018 በኋላ ለሚሰጡ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ግዴታ አደረገው። መዝገቡ ግን ገና ግዴታ ሳይሆን ሥራውን ጀምሮ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2015 ሲማንቴክ በሚባለው ግዙፍ ዋስ ሥር ያለ ተቋም፣ ጎግል ሳያዘው፣ በጎግል ስም «ለሙከራ» ፈርሞ ተገኘ። ሌሎች ጥፋቶችም ተከተሉ።

ሲማንቴክን በአንድ ሌሊት ከዝርዝሩ የደፈረ ግን አልነበረም፤ ቢሰረዝ ስፍር ቁጥር የሌለው ድረ ገጽ አብሮት ይወድቃላ! በ2017 የሰርተፍኬት ሥራውን ለዲጂሰርት ሸጠ፤ ክሮም የድሮ ሰርተፍኬቶቹን ጨርሶ መቀበል ያቆመው በኦክቶበር 2018 ነው። ትንሹን ዲጂኖታርን ለመቅበር 3 ሳምንት በቅቷል። ለትልቁ 3 ዓመት ተጠበቀ።