በሥራ ላይ የሚመጣ የእጅ ቆዳ አለርጂ፦ በኒካዮን ሥራ ላይ ላሉ

በጽዳት ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ እናቶችና አባቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «በዚሁ ዕቃ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያኔ ያልነካኝ ዛሬ እጄን ለምን ይበላኛል?» መልሱን ማወቅ እጅንም እንጀራንም ያድናል።

ሁለት ዓይነት ሕመም አለ

አንደኛው የቆዳ መቆጣት ነው። ኤኮኖሚካ፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድና ጠንካራ ሳሙና የቆዳን ቅባት አጥበው ይወስዳሉ። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል። ይህ ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ እጅ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ መዋሉ ብቻውን ይበቃዋል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። ሰውነት አንድን ኬሚካል እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ለዓመታት ያለ ችግር የተጠቀሙበት ዕቃ አንድ ቀን ሊነሣብዎ ይችላል። ከጀመረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ጥቂት ቢነካም ይቀሰቀሳል። መቅላቱ፣ ማሳከኩና ውኃ የቋጠረው ሽፍታ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። እሑድ የነኩት ነገር ማክሰኞ ያሳክካል። ብዙ ሰው ምክንያቱን የሚስተው ለዚህ ነው።

አለርጂው ከምን ይመጣል?

• በሳሙናና በወለል ማጽጃ ውስጥ ካለው ሽቶ፤
• ፈሳሹ እንዳይበላሽ ከሚጨመሩት ኬሚካሎች፤
• ከራሱ ከላስቲክ ጓንት። ሽፍታው ጓንቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የሚያቆም ከሆነ ጓንቱን ይጠርጥሩ።

በግንባታ ሥራ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም፣ በፀጉር ሥራ ደግሞ የፀጉር ቀለም በዚህ ይታወቃሉ።

እንዴት ይታወቃል?

በበዓል ዕረፍት ተሽሎዎት ሥራ ሲመለሱ ካገረሸ፣ ምክንያቱ ሥራው ሊሆን ይችላል። ወደ ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ «እጄን አመመኝ» ብቻ አይበሉ፤ ሥራዎን ይናገሩ፣ የሚጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ስምና ጽሑፍ በስልክ አንሥተው ያሳዩ። የቆዳ ሐኪም፣ ሮፌ ኦር፣ የተጠረጠሩትን ነገሮች በጥቂቱ ጀርባዎ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። ልጥፉ ከ2 ቀን በኋላ ይነሣል፤ ከዚያ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይታያል። እስከዚያ ጀርባ ውኃ አይንካው። ቅባት ከጎረቤት አይዋሱ፤ ለአንዱ ችፌ የታዘዘው ለሌላው ላይሆን ይችላል።

እጅዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

• ከጓንቱ ሥር ቀጭን የጥጥ ጓንት ያድርጉ፤ ውስጡ የረጠበ ወይም የተቀደደ ጓንት አይጠቀሙ።
• ላስቲክ የማይስማማዎት ከሆነ የቪኒል ጓንት ይጠይቁ።
• ቀለበት አውልቀው በለብታ ውኃ ይታጠቡ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ያድርቁ፣ ሽቶ የሌለው ቅባት ይቀቡ።
• ኤኮኖሚካን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

መብትዎ

በ1997 በወጣው ደንብ መሠረት ለሥራው የሚያስፈልገውን መከላከያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። በካብላን በኩል ቢቀጠሩም ጓንት ይጠይቁ። ሐኪሙ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ካለ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አሠሪውንም ቶፌስ 250 እንዲሞላልዎት ይጠይቁ። ቢቱዋህ ሌኡሚ የሥራ ጉዳት መሆኑን ከተቀበለና መሥራት ካልቻሉ፣ እስከ 91 ቀን ድረስ ከገቢዎ 75 በመቶ ሊከፍልዎት ይችላል። ጥያቄ ለማቅረብ የ12 ወር ገደብ ስላለ አይዘግዩ።

ብዙዎቻችን ሥራ እናጣለን ብለን እጃችንን እንደብቃለን። ሕመሙ ግን እየቆየ ሲሄድ ይብሳል፤ ቶሎ ከተያዘ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ጓንት መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።