ቀለሙን የበላው ፖሊሽ

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ጮሌ ሄጄ የአጎቴን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። አንዷ ሁላችሁም የምታውቋት ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ አታንስም። ሌላዋ ጥቁር ያሪስ ናት። አሮጊቷ ታበራለች። ልጅቷ ግን ኮፈኗ ላይ መዳፍ የሚያህል የሞተ ቦታ አላት፣ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ጀምሯል።

ሁለቱንም የወለወላቸው አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ ፖሊሽ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። የላቫጆውን ስም አልጠራም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፣ አጭበርባሪም አይደለም። የተማረው ሙያ ግን ለሌላ ዘመን ቀለም የተፈጠረ ነበር። አጎቴ ያሪሷን ሊሸጥ አስቦ ነው «ጭረቷን አጥፋልኝ» ብሎ የሰጠው። ገዢው መጥቶ ኮፈኑን ሲያይ «ይቺ ተጋጭታ የተቀባች ናት» ብሎ ሄደ። ተጋጭታ አታውቅም።

ነገሩ የሚገባን ትንሽ ወደኋላ ስንሄድ ነው።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ በዚያ ዘመን መኪና የሚቀባው እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። ዘይት ያለበት ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል። አንድ መኪና ቀለሟ እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። ይህን የለወጠው ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ዱኮ የተባለ ቀለም ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1924 ሞዴል ኦክላንድ መኪኖች በዚህ ተቀቡ። ዱኮ ይረጫል፣ በሰዓታት ውስጥም ይደርቃል። አንድ ችግር ነበረበት፦ ሲደርቅ ይደበዝዛል። እንዲያበራ በሻካራ ቅባት መታሸት አለበት። የምናውቀው ኮምፓውንድ ቀለም የመቀባት ሥራ አንድ ክፍል የሆነው ያኔ ነው።

እኛ ዘንድ ሙያው ብዙ ቃላቱን የወሰደው ከጣሊያን ነው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ። ጫማችንን የሚያሳምረው ሊስትሮ እንኳ ስሙን ያገኘው ማብረቅ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። ከዚያ የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲዎች፣ ቮልሶች፣ በደርግ ጊዜም ላዳዎች መጡ። በዚያ ዘመን በብዛት የነበረው ቀለም አንድ ወጥ ነው፤ ቀለሙም ማብረቂያውም በአንድ ላይ ተደባልቆ የተቀባ። ፀሐይ ሲመታው ላዩ እንደ ጠመኔ ይሆናል፣ ቀዩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ኮምፓውንድ የሞተውን ላይኛውን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ቀለም ያወጣል። ቀይ መኪና ሲወለወል ጨርቁ መቅላቱ ሥራው መሠራቱን ያሳይ ነበር። የአጎቴ ዲኤክስ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። ለእሷ ያ ቆርቆሮ መድኃኒት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን አምራቾች በሰፊው ወደ ሌላ ዘዴ ዞሩ። ከሥር ስስ ቀለም፣ ከላይ ቀለም የሌለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን። ጋራዦቻችን ክሊር የሚሉት ይህን ነው። የሚያበራው እሱ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚከላከለውም እሱ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ያህል ስለሆነ ክሊሩ ከአንድ ፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። ስስ ፖሊሽ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ይወስዳል። ሻካራ ኮምፓውንድ በማሽን ሲታሽ በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ማሽኑ ጠርዝ ላይ ከቆየ ደግሞ ያቃጥለዋል። ክሊር አንዴ ከሄደ በፖሊሽ አይመለስም። እንደ አርሲ ባለ ደጋ ደግሞ ከፍታው ሲጨምር የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል፣ የሳሳ ክሊር ቶሎ ይላጣል።

ያ ፀሐይ ስታርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረትስ? ክብ ክብ የሚመስለው ለዓይናችን ነው። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ብርሃኑን የሚመልሱልን ግን ፀሐይዋን የከበቡት ብቻ ስለሆኑ ክብ ሠርተው ይታዩናል። የሚፈጥራቸው በአብዛኛው የእኛው እጅ ነው። በበጋ ከገጠር መንገድ የመጣች መኪና ላይ ያለውን አቧራ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ መሬት የወደቀ ስፖንጅ አንስቶ መቀጠል። አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ፣ አሸዋ ከክሊር ይጠነክራል። ውኃ አስቀድሞ በደንብ ማፍሰስ ከማንኛውም ውድ ፖሊሽ ይበልጣል እላለሁ።

ማስወልወል ግድ ከሆነ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉ። ጥፍሩን ከያዘው ጥልቅ ነው፣ ፖሊሽ አያጠፋውም፤ ተዉት። ካልያዘው በመጀመሪያ ስሱን ፖሊሽ፣ ለስላሳውን ስፖንጅ ይዛችሁ በአንድ ትንሽ ቦታ ሞክሩ። ከሠራ በዚያው ቀጥሉ፤ ወደ ሻካራው መሄድ የሚገባው ስሱ እምቢ ሲል ብቻ ነው። ማሽኑም ይለያያል፤ በአንድ ዘንግ ብቻ ከሚሽከረከረው ይልቅ እየተሽከረከረ የሚወዛወዘው ለጀማሪ እጅ ይራራል።

ሌላም አለ፣ ይኼ ለገዢ ነው። ጭረትን ሳያጠፉ በዘይትና በሰም የሚሞሉ ፖሊሾች አሉ። ለሽያጭ ቀን ድንቅ ናቸው፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ድሩ ተመልሶ ይመጣል። የምትገዟትን መኪና አንድ ጥግ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና በፀሐይ እዩት።

የኮፈን ወሬ ለምን ወደዚህ ቻናል አመጣኸው የሚለኝ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ያለውን ታክስ አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። አጎቴን ለመሰለ ሰው መኪና የቆመ የባንክ ደብተር ነው፣ የፋብሪካ ቀለም ደግሞ ገዢ መጀመሪያ የሚያነበው ገጽ ነው። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የሚቀቡት በዚያው ስስ ክሊር ነው።

የመለያው ዘዴ ቀላል ነው። የማይታይ ቦታ ላይ በጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርጎ ማሸት፤ ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ክሊር የላትም። ለአጎቴ ላሳየው ብዬ ጨርቅ ጠየቅሁት። ነጭ መኪና በነጭ ጨርቅ አይታይምና አሮጌ ጥቁር ካልሲውን አመጣልኝ። የዲኤክሷ በር ሥር አሸሁት፤ ካልሲው ነጣ። የያሪሷን በር በነጭ ጨርቅ አሸሁት፤ ጨርቁ እንደነጣ ቀረ።

«ይቺን ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ ኮፈኑ ላይ ያለውን የሞተ ቦታ ራሱ አሸው። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ።