ከዕጣ ወደ ምርጫ፦ የምናብ ጀግኖች የተፈጠሩባቸው ሃምሳ ዓመታት

በጥር 1974 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘ ሣጥን ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 10 ዶላር ነበር፤ መጀመሪያ የታተመውም 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ይህ ጨዋታ ‹‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ›› ይባላል። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድን ገጸ ባሕርይ ሕይወት ይዘው ‹‹እንዲህ አደርጋለሁ›› ይላሉ፤ አጠራጣሪ የሆነውን ዳይስ ይወስነዋል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ደጋግሞ ተለውጧል፤ ከሁሉ በላይ የተለወጠው ግን ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን የሚፈጥርበት መንገድ ነው። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከጠባብ ወደ ሰፊ እንደተደረገ ጉዞ ነው፤ ትናንት አማራጩ ጥቂት ነበር፣ ዛሬ በሽ በሽ ነው ይባላል። እኔ ግን ታሪኩ የሚያስተምረው ሌላ ነው ባይ ነኝ። አንድን የምናብ ጀግና ሰው የሚያደርገው ምርጫው ያስከፈለው ዋጋና በኑሮው ላይ የጣለው ምልክት ነው፤ የአማራጭ ብዛት ብቻውን ማንንም ሰው አላደረገም።

ከ1974 በፊት የነበረው የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አዛዥ ሆኖ በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ወታደሮችን ያንቀሳቅሳል፤ ወታደሮቹ ስምም ታሪክም የላቸውም። በ1969 በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ ‹‹ብራውንስታይን›› በተሰኘው ጨዋታው ለተጫዋቾቹ የግለሰብ ሚና አደለ። ከእነዚያ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው አርነሰን ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ‹‹ብላክሙር›› በሚባለው የምናብ ምድሩ ግለሰቡ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ልምድ እያካበተና እየበረታ እንዲሄድ አደረገ። ሰው ከሠራዊቱ ተለይቶ የወጣው ያኔ ነው። በ1974ቱ ደንብ ግን ይህ ሰው ማንነቱን ብዙም አይመርጥም። ጉልበት፣ አእምሮ፣ ጥበብ፣ ጽናት፣ ቅልጥፍናና ግርማ ሞገስ የተባሉት ስድስቱ ችሎታዎች እያንዳንዳቸው በሦስት ዳይስ ይወጣሉ፤ ዳይሱን እንዲጥል የታዘዘውም የጨዋታው መሪ እንጂ ተጫዋቹ አልነበረም። ውጤቱ ከ3 እስከ 18 ነው፤ 18 የሚወጣው ከ216 ውርወራ አንዴ ነው። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ተጫዋቹ ከተዋጊ፣ ከአስማተኛና ከካህን አንዱን ይይዛል። ጉልበቱ 15 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ተዋጊ በሚያገኘው ልምድ ላይ 10 በመቶ ይመረቅለታል፤ 6 ወይም ከዚያ በታች የሆነበት ደግሞ 20 በመቶ ይቀነስበታል። ደንቡ የአርባ ቀን ዕድልን በቁጥር ያሰፈረ ያህል ነበር፤ የተፈቀደው ምርጫ ዕጣው ካመለከተው መንገድ ብዙ አያርቅም።

ዕጣው ግን ቢያንስ አያዳላም ነበር። አድልዎው የመጣው ከልደት ገደቦቹ ነው። በ1974ቱ ደንብ በአፈ ታሪክ ከሚታወቁት አጫጭር ተራራ ሰርሳሪዎች ከድዋርፎች ወገን የሆነ ገጸ ባሕርይ ከተዋጊነት ሌላ መንገድ የለውም፤ በተዋጊነቱም ልምድ ሲጠራቀም ከሚወጡት ደረጃዎች ከ6ኛው አያልፍም። የሰው ልጅ ግን የሚቆምበት ጣሪያ አልነበረውም። ጋይጋክስ የምናቡ ዓለም የሰው ልጆች ዓለም ሆኖ እንዲቀጥል ይሻ ነበር። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ሴት ገጸ ባሕርያት የሚደርሱበት የጉልበት ጣሪያ ከወንዶቹ ዝቅ ተደረገ፤ ይህ የተነሣው በ1989 በሁለተኛው ዕትም ነው። ‹‹ዋጋ ያለው ምርጫ ካልክ፣ ድዋርፍ መሆንም እኮ ተጫዋቹ ዋጋውን እያወቀ የመረጠው ነው›› የሚለኝ ይኖራል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ይህ ዋጋ የሚከፈለው ገጸ ባሕርይዋ ለሠራችው ወይም ላለፈችበት ነገር አይደለም፤ ለተወለደችበት ነው። በሴቶቹ ላይ የተጣለው ጣሪያ ደግሞ በምትኩ የሰጣቸው ምንም ነገር የለም። ምንም ታሪክ የማይወልድ ዋጋ ቅጣት ነው።

ክብደት ያለው ምርጫ ምን እንደሚመስል ቀድመው ያሳዩት ሌሎች ናቸው። በ1977 ማርክ ሚለር ያወጣው ‹‹ትራቭለር›› ስለ ጠፈር ጉዞ ቢሆንም በዘርፉ ሁሉ ላይ አሻራውን አሳርፏል። እዚያ ገጸ ባሕርይ የሚፈጠረው ያለፈ ሕይወቱን በመጫወት ነው። በ18 ዓመቱ ባሕር ኃይል፣ ንግድ ወይም ሌላ አገልግሎት ይገባል፤ በየአራት ዓመቱ ሙያ ይማራል፣ ማዕረግም ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚያ ይቀጥል ወይስ ይሰናበት የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። በቀጠለ ቁጥር ዕውቀቱ ይጨምራል፤ 34 ዓመት ሲሞላው ግን እርጅና አቅሙን መሸርሸር ይጀምራል። ከዚያም በላይ፣ በየአገልግሎት ዘመኑ ከሞት የሚተርፍበት ዕጣ አለ፤ አሳሽ የሆነ ሰው በሁለት ዳይስ 7 ወይም ከዚያ በላይ ካላገኘ ጨዋታው ሳይጀመር ይሞታል። ብዙዎች ይህን እንደ ጭካኔ ቆጥረውታል። ነገር ግን አራት ዘመን አገልግሎ በሕይወት የወጣ ገጸ ባሕርይ ገና ጨዋታው ሳይጀመር የሚነገር ታሪክ አለው፤ እያንዳንዱ ሙያው ከየት እንደመጣም ይታወቃል። በ1978 የወጣው ‹‹ሩንክዌስት›› ደግሞ እንደ ተዋጊና አስማተኛ ያሉ የሙያ ክፍሎችን ጨርሶ ተወና ችሎታን ሁሉ በመቶኛ አስቀመጠ። ሰይፍ በመያዝ የተሳካለት ሰው ከጀብዱው በኋላ ዳይስ ይጥላል፤ ካለው መቶኛ በላይ ከወጣለት ችሎታው ያድጋል። ስለዚህ የሚያድገው የተሠራበት ችሎታ ነው፤ ብዙ ባወቀ መጠንም የሚቀጥለው ትምህርት ይከብደዋል።

ሦስተኛው መንገድ ዕጣን ከነአካቴው አስወገደ። በ1981 የታተመው ‹‹ቻምፒየንስ››፣ በ1986 ደግሞ ስቲቭ ጃክሰን ያወጣው ‹‹ገርፕስ›› ለተጫዋቹ የተወሰነ ነጥብ ሰጥተው የፈለገውን ችሎታ እንዲገዛበት አደረጉ፤ በገርፕስ የአንድ ጀግና መነሻ 100 ነጥብ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያ ሆኖ በቀረ። ሁለቱም ግን የዕዳ መዝገብ ጨመሩበት። ተጨማሪ ነጥብ የሚፈልግ ተጫዋች በገጸ ባሕርዩ ላይ የሚያሳድደው ጠላት፣ የሚጠብቀው ደካማ ቤተሰብ፣ የማያፈርሰው መሐላ ወይም የአካል ጉዳት መቀበል አለበት። ጉድለት በደንብ ተጽፎ ዋጋ ሲወጣለት፣ ገጸ ባሕርዩ የሚፈራውና የሚሳሳለት ነገር አገኘ። አንዳንዱ ተጫዋች በጨዋታው ፈጽሞ የማይነካ ጉድለት እየመረጠ ነጥብ ማጋበሱ አይካድም። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም፤ የማያስከፍል ዕዳ ገጸ ባሕርዩን ባዶ እንደሚያስቀር የሚያሳይ ነውና።

የብዛት ዘመን የመጣው በ2000 ነው። ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የጨዋታውን አሳታሚ ቲኤስአርን በ1997 ገዝቶ ነበርና፣ ጆናታን ትዊት፣ ሞንቴ ኩክና ስኪፕ ዊሊያምስ የነደፉትን ሦስተኛውን ዕትም አወጣ። ሙያን ከሙያ መቀላቀል ለሁሉም ተፈቀደ፤ ገጸ ባሕርዩ በ1ኛ፣ በ3ኛ፣ በ6ኛ ደረጃ እያለ የሚመርጣቸው ልዩ ብቃቶች መጡ፤ በየጊዜው በሚታተሙ ተጨማሪ መጻሕፍትም ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነበር። ከብቃቶቹ አንዱ የገጸ ባሕርዩን የሕይወት ነጥብ (ሳይወድቅ የሚችለውን የጉዳት መጠን) በ3 ብቻ ከፍ የሚያደርግ ነው፤ ኩክ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ይህ ብቃት ለብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት የተሻለው ምርጫ አይደለም፣ ደንቡም ጨዋታውን ጠንቅቆ የሚያውቀውን እንዲክስ ታስቦበት ነበር። እንግዲህ አማራጭ ሲበዛና ዋጋው ሳይለይ ሲቀር ጥያቄው ‹‹ይህች ሰው ማን ናት?›› መሆኑ ይቀርና ‹‹የሚያዋጣው የቱ ነው?›› ይሆናል። የሚያዋጣው ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ ተጫዋቾችም ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ እነዚያኑ ጥቂቶች ይለቅማሉ።

በ2014 የወጣው አምስተኛው ዕትም ከዚህ የተማረ ይመስላል። ልዩ ብቃቶችን የጨዋታው መሪ ከፈቀደ ብቻ የሚገቡ አድርጎ፣ ለሁሉም ግን ያለፈ ሕይወት ሰጠ፤ ወታደር፣ መርከበኛ፣ ወንጀለኛ፣ መናኝ እያለ 13 የኑሮ መነሻ ዘረዘረ፤ ለእያንዳንዱም ዓላማ፣ ቁርኝትና ድክመት እንዲጻፍለት አደረገ። የልደት ሚዛን ግን አልቀረም ነበር። ጉልበተኛ ተደርገው ከሚሳሉት የምናብ ፍጡራን ከኦርኮች በከፊል የተወለደ፣ ግማሽ ኦርክ የሆነ ሰው የችሎታ ጭማሪ የሚያገኘው በጉልበትና በጽናት ስለሆነ፣ አስማተኛ ሊሆን ሲሻ ከሌሎች ኋላ ይጀምራል። በ2020 የታተመው ተጨማሪ መጽሐፍ ጭማሪው ወደ ሌላ ችሎታ እንዲዛወር ፈቀደ፤ በ2024 የታደሰው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ ጭማሪውን ከትውልድ አውጥቶ በ16 የኑሮ መነሻዎች ላይ አሳረፈው። የወታደር ልጅነት ሳይሆን ወታደርነት ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ጽናት ይሰጣል፤ ሊቅነት ደግሞ ጽናት፣ አእምሮና ጥበብ።

ሦስት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ‹‹ኦርክ ጉልበተኛ ካልሆነ ወገኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑ›› ይላል። ድዋርፍ ግን ዛሬም በጨለማ ያያል፣ መርዝም በቀላሉ አይጥለውም፤ የተወገደው የሰውን ብልሃትና ብርታት ከመወለዱ አስቀድሞ የሚመዝነው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ‹‹አዲሱም ደንብ ተጫዋቹን ለቁጥር ሲል መነሻ እንዲመርጥ ይገፋፋዋል›› ይላል፤ እውነት አለው። ሆኖም እያንዳንዱ መነሻ ሦስት ችሎታ አቅርቦ አከፋፈሉን ለተጫዋቹ ስለሚተው፣ ተጫዋቹ ለቁጥር ብሎ ቢመርጥ እንኳ በእጁ የሚቀረው የኖረ ሕይወት ነው። ሦስተኛው የድሮው ዕጣ ወዳጆች የሚያቀርቡት ነው፤ ዳይስ ያልታሰበ ሰው ይወልዳል፣ ምርጫ ግን የለመድነውን ይደግማል ይላሉ። ይህን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ትራቭለር ታላቅ የሆነው ዕጣንና ምርጫን በማጋባቱ ነውና። ጋይጋክስም ቢሆን በ1979 በጻፈው የመሪዎች መመሪያ አራት ዳይስ ተጥሎ ዝቅተኛው እንዲወጣና ተጫዋቹ ቁጥሮቹን እንደፈለገ እንዲደለድል ፈቅዷል።

ስለዚህ የዛሬ የጨዋታ ነዳፊዎችንም ሆነ በየቤታቸው ጠረጴዛ ከብበው የሚጫወቱትን ወጣቶች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ አማራጭ ከመጨመራችሁ ወይም ከመምረጣችሁ በፊት፣ ይህ ምርጫ ገጸ ባሕርዩን ምን ያሳጣዋል፣ ከየትኛው ዘመኑስ መጣ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው አማራጭ፣ ሺህ ቢሆንም፣ አንድ ሰው አይሠራም።